የቧንቧ ነሐስ

የይርሳው ሞተር ሳይክል በአንድ እርግጫ ተነሳ። ሌላ ቀን ቢሆን የጠገነው መካኒክ ሚፍታ ደረቱን ነፍቶ መንደሩን ሁሉ ያሰማ ነበር። ዛሬ ግን ሞተሩ አልነሳም ቢል ምንኛ በወደደ።

ጉዱን የሚያውቁት እሱና ባለ ቶርኖው ብረት ቀራጭ ቱሳ ብቻ ናቸው። ትናንት ሚፍታ ሞተሩን ሲፈታ ፒስተኑን የምትሸከመዋ ቡሽንግ፣ የጣት ቀለበት የምታህለዋ፣ ተበልታ አልቃ አገኛት። ሚፍታ ቡሽንግ የሚያስቀርጸው ከወፍጮ ቤት በሚወጣ አሮጌ ነሐስ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ጠንካራ፣ ስንት ዘመን ከወፍጮ ጋር ታግሎ ያልተበገረ። ትናንት ግን ሳጥኑ ውስጥ የቀረችው ቁራጭ አልበቃ አለች። ታዲያ ምን አደረገ? ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ የተነቀለ ቢጫ ነሐስ አንስቶ ለቱሳ ሰጠው።

«ይሄ እኮ የውሃ ነው» አለ ቱሳ። «ሲግል ተጣብቆ ይነክሳል። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ከያዘ ደግሞ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል። ነገ ከወፍጮ ቤት አምጣና እንሥራው።»

«ነገ የኦጎልቾ ገበያ ነው። ይርሳው የከብት መድኃኒቱን ይዞ መውረድ አለበት። ዝም ብለህ ቅረጽልኝ።»

ቱሳ ትከሻውን ሰብቆ ቀረጸለት። ተወልውላ ስትታይ ከቀዩዋ ይልቅ ታምር ነበር፣ ወርቅ መሳይ። ሚፍታም ለአንድ ገበያ ምን ትሆናለች ብሎ ገጠማት። ሰው ራሱን ለመሸንገል መቼ ይቸግረዋል።

አሁን ይርሳው የመድኃኒቱን ካርቶን ነዳጅ ታንከሩ ላይ አስሮ ጨርሷል። «ተባረክ ወንድሜ» አለ።

«በሰላም ግባ» አለ ሚፍታ።

ይሄኔ ከጓሮ የእናቱ የከዲጃ ድምፅ መጣ። «ቆይ፣ ቆይ! ያለ እኔ ወዴት?»

ይህ ጋራዥ ወግ አለው። ሟቹ አባቱ ከቤቱ ሰው አንዱን አፈናጦ ያልሞከረውን ሞተር ለባለቤቱ አያስረክብም ነበር። ከዲጃ በዚህ ዕድሜያቸው እንኳ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ በጎን ተቀምጠው፣ እስከ አደባባዩ ደርሰው ይመለሳሉ። የአሰላ ሰው ሌላውን ሁሉ አልፎ እዚህ የሚመጣው ለዚህ ነው። እናቱ ሮቤ ለቅሶ ስለሄዱ ሚፍታ ዛሬስ ከዚህ ተርፌያለሁ ብሎ ነበር። ለካ በጠዋቱ ሚኒባስ ተመልሰዋል።

«ዛሬ አደባባይ አይበቃኝም» አሉ እየተቀመጡ። «እስከ ኦጎልቾ ነኝ። እህትህን ዙቤዳን ካየኋት ቆየሁ።»

«እማዬ፣ በሚኒባስ ይሂዱ። አቧራው ያምዎታል።»

«የልጄን እጅ እኔ ካላመንኩ ማን ይመን?»

«እንደ እንቁላል ነው የምይዛቸው» አለ ይርሳው እየሳቀ።

ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ሚፍታ ፊት ድቅን አለ፤ ጠመዝማዛው፣ ጠጠሩ፣ ከታች የሚመጣው የጭነት መኪና። ፈራ። ከተወለደ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ቢናገር የእሱም የአባቱም ስም አለቀ። ዝም ቢል የሚሞቱት እናቱ ናቸው። ይርሳው ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሚፍታ ዘሎ ቁልፉን ነቀለ።

«ይውረዱ» አለ። «እማዬ፣ ይውረዱ። የገጠምኩት የቧንቧ ነሐስ ነው። ቁልቁለቱን አይችልም።»

ሞተሩ ጠፋ። ይርሳው ቀስ ብሎ ሄልሜቱን አወለቀ።

«እኔን ቅድም በሰላም ግባ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለ።

ሚፍታ እናቱን ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። ከዲጃ በግራሶ የጠቆረውን እጅ ትንሽ አዩት። ከዚያ የይርሳውን ትከሻ ተደግፈው ወረዱ።