ስልሳ ስልክ ለአንድ ኒካህ

ሙዓዊያ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ «የሞባይል ኮምፒዩቲንግና የገመድ አልባ ኔትወርክ መግቢያ» የሚባለውን ትምህርት ማስተማር ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዘመድ መሀል ምን እንደሚደርስበት መቼም ታውቃላችሁ። የማን ስልክ ውሃ ገባው፣ የማን ቴሌቪዥን አልታይ አለ፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚሮጠው። ታላቅ እህቱ ጣይባ ገራዶ ላይ ልጇን ልትድር ስትነሳም ድንኳኑ ለአንዱ፣ በሬው ለሌላው ሲታደል፣ ኔትወርኩ ለእሱ ደረሰው።

ያውም ዋናው ሥራ እሱ ነበር። የሙሽሪት የሱሀይላ አባት፣ የሱፍ፣ ሳውዲ ውስጥ የውሃ ቦቴ ይነዳል። ዘጠኝ ዓመቱ። ሲሄድ ሱሀይላ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ መናኸሪያ ድረስ ልትሸኘው ሄዳ «አንቺን ከእኔ በቀር ማንም አይድርሽም» ብሏት ነው የተሳፈረው። አሁን ፈቃድ ተከልክሎ መምጣት አልቻለም። የቀረው ነገር የመዳሩን ቃል በስልክ መስጠት ነው፤ እሱም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ። በዘጠኝ ሰዓት ቦቴውን አስነስቶ ኔትወርክ የሚባል ነገር ወደሌለበት በረሃ ይገባል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አይገኝም።

ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ መሕሙድ ነገሩን ተቀብለውታል። «ግን ድምፁን እኔም ምስክሮቹም ጥርት አድርገን እንስማው። ካልሆነ ሰው ይወክል» አሉ። የሱፍም ለክፉ ጊዜ ብሎ ውክልናውን አስቀድሞ ላከ፤ ለማን ቢሉ፣ ለሙዓዊያ። ስልኩ እምቢ ካለ ሱሀይላን የሚድራት አጎቷ ነው ማለት ነው። ሱሀይላ ይህን ስትሰማ አጎቷን ለብቻ ጠርታ፣ «ወላሂ እወድሃለሁ፤ ግን አንተ እንድትድረኝ አልፈልግም» አለችው። እሱም ቢሆን በአማቹ ቦታ ቆሞ ያንን ቃል መናገር ሞቱ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ይዞ መጣ። መስኮቱ ላይ ሰቀለው፣ ሞከረው፤ የሱፍ ከነሽበቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሙዓዊያ ደስ ሲለው ቸር ይሆናል። የዋይፋዩን ፓስወርድ በትልልቁ ጻፈና ድንኳኑ በር ላይ ለጠፈው። እንግዳ ጠርቶ ፓስወርድ መደበቅ ምን የሚሉት ነውር ነው?

የኒካሁ ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ የሙሽራው የሀፊዝ ወገኖች ከደሴ ከፒያሳ በሁለት ሚኒባስ መጡ። ድንኳኑ ጢም አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሙዓዊያ ስልኩን ሸሁ ፊት አስቀምጦ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘና ደወለ። የሱፍ ነጭ ለብሶ ብቅ አለ። «አሰላሙ አለይ…» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሙዓዊያ ዘግቶ ደወለ። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። የሱፍ አንዴ ግማሽ ፊቱ፣ አንዴ ድምፁ ብቻ፣ ያውም እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተቆራርጦ ይመጣል። ሸህ መሕሙድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ቃል አይባልም» አሉ።

ሙዓዊያ ቀና ብሎ ድንኳኑን ሲያይ ግን ነገሩ ገባው። ስልሳ ሰው፣ ስልሳ ስልክ። አንዷ ቤሩት ላለች እህቷ፣ አንዱ ሪያድ ላለ ልጁ፣ ሌላዋ ዱባይ ላለች አብሮ አደጓ፣ ሁሉም ክንዱን ሽቅብ ሰቅሎ ሰርጉን በኢሞ ያሳያል። ወሎ ውስጥ ባሕር ማዶ ሰው የሌለው ቤት ካለ እስቲ ፈልጋችሁ አሳዩኝ።

«ዋይፋዩን ከእንግዳው ልቆርጠው ነው» አላት ጣይባን።

«እንግዳ ጠርተህ? ልታዋርደኝ ነው?»

ቆረጠው። ባሰ። ሰዉ ዋይፋዩ እምቢ ሲለው የየራሱን ዳታ ከፈተ። ለሰፈሩ ያለው አንድ ታወር ነው፤ ራውተሩም ስልኮቹም የሚቀዱት ከዚያችው ምንጭ ነው። ሙዓዊያ ይህን በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቹ ይነግራቸዋል፤ «ገመድ ለየብቻ ይዘረጋል፤ አየር ግን የጋራ ነው። ሁሉም ባንዴ ካወራ ማንም አይሰማም» እያለ። እነሱም ይጽፉታል፣ ይፈተኑበታል። መምህራቸው ደግሞ ፓስወርድ በር ላይ ይለጥፋል። አይ መማር!

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ስልክ አጥፉ ሊል ወደ ሙሽራው አክስት ጠጋ ሲል ሴትዮዋ ቀደሙት። «ይኸው ልጄ፣ ሙሽራውን ላሳየው ብዬ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት፤ መምጣት ባይችል አልቅሶ አልቅሶ» አሉና ስልኩን ወደ እሱ አዞሩት። ጂዳ ያለ ጎረምሳ እጁን አውለበለበለት። ከየስልኩ ጀርባ አንድ አንድ የሱፍ አለ። ሙዓዊያ የቱን ነው ጥፋ የሚለው?

የውክልናውን ቃል በልቡ ማነብነብ ጀምሮ ነበር። ወዲያው አንድ ነገር ውል አለውና ሸሁ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ።

«ሸህዬ፣ ዱዓውን ያስቀድሙልኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ዱዓማ ከኒካሁ በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ለዱዓ የሚዘረጋው ሁለት እጅ ነው።»

ሸህ መሕሙድ እሱን አዩት፤ ከዚያ ድንኳኑን አዩት፤ የተሰቀሉትን ክንዶች አንድ በአንድ አዩ። ፈገግታቸውን በጢማቸው ሸሸጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጀመዓ፣ ዱዓ እናድርግ። እጁ የተያዘ ሰው ምን ይቀበላል? ስልካችሁን ዝጉና እጃችሁን ዘርጉ።»

ከዚህ በኋላ ማን ስልክ ይይዛል? አክስትየዋ «ቆይ ልጄ፣ ዱዓ ነው» ብለው ዘጉት። ስልሳው ስልክ ወደየኪሱና ወደየጉያው ገባ። ጎረቤታቸው አቶ በላቸው ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸውም ዘረጉ። ሸሁ ለሙሽሮቹ፣ ለዝናቡ፣ ለአገሩ ሰላም ሲለምኑ ሰዉ «አሚን» ይላል። ሦስተኛው «አሚን» ላይ ከድምፅ ማጉያው አንድ ሌላ «አሚን» ተሰማ። ጥርት ያለ። የሱፍ ነው።

የዱዓ ማሳረጊያው ፊትን ማበስ ነው። ሸህ መሕሙድ አላበሱም። እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ ስልኩ ዞረው፣ «የሱፍ፣ እየሰማንህ ነው። ተናገር» አሉ። ዱዓው ካልተዘጋ እጅ አይወርድም፤ ስለዚህ ማንም አላወረደም።

«ሀፊዝ፣» አለ የሱፍ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ግን አልተቆራረጠም። «ልጄን ሱሀይላን በተስማማነው መህር ድሬልሃለሁ።»

«ተቀብያለሁ» አለ ሀፊዝ።

«ምስክሮች፣ ሰማችሁ?»

«ጥርት አድርገን።»

ጣይባ እልል አለች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ሙዓዊያ ባለበት ቁጭ አለ። አልሃምዱሊላህ፣ ከራሱ ላይ ተራራ የወረደ መሰለው። ሳቁ ይሁን ልቅሶው የትኛው እንደመጣበት አላወቀም፤ ደግሞ ግድም አልሰጠው።

ለዘጠኝ ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ሱሀይላ ከጓዳ ወጥታ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ልትናገር አስባ «አባ» ብቻ አለች። የሱፍም ወደ ስልኩ ቀረብ ብሎ አያት፣ አያት፤ ከዚያ ከትከሻዋ ኋላ ያለውን አስተዋለ።

«ሰዉ ለምንድነው እስካሁን እጁን ያላወረደው?» አለ።

«ዱዓውን ስላልዘጋሁት ነው» አሉ ሸህ መሕሙድ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። «እኛ አልቸኮልንም፤ አንተ ከልጅህ ጋር ጨርስ።»