ዳኛዋ እና ድጋፍ እንጨቱ

በዚያ ጎዳና ላይ ከአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በቀር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምስጢር ነበረ። ልጅቷ በየማለዳው በቢጫ ጆግ ውሃ የምታጠጣው ዛፍ፣ ዛፍ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ገና ከኮሌጅ መውጣቷ ነው፤ ሕፃን ልጅ ዛፍን የሚወድደው ስለ ዛፍ ሲነገረው ሳይሆን እጁ ጭቃ ሲነካ ነው ብላ ከልቧ ታምናለች። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በእግረኛው መንገድ ዳር የተከላቸውን ችግኞች ለተማሪዎቿ አንድ አንድ አድርጋ አከፋፈለች። ችግኞቹ ቅጠላቸው የረገፈ ቀጫጭን በትሮች ነበሩ፤ ነፋስ እንዳይጥላቸውም እያንዳንዳቸው ከአንድ ድጋፍ እንጨት ጋር ታስረዋል። ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት የቆመው ለዳኛዋ ደረሳት። ዳኛዋ የተባለችው ጓደኞቿ በመጫወቻ በተጣሉ ቁጥር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳትመረምር ስለማታልፍ ነው።

ዳኛዋ ጉንፋን ይዟት ቤት በዋለችበት ሰሞን፣ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ችግኙን ነቅሎ ጣለው። ድጋፍ እንጨቱን ግን ጫፉን እንኳ አልነካውም። ልጅቷ ድና ስትመለስ አንድ በትር ቆሞ አገኘች። ሁለት የነበሩት አንድ መሆናቸውን አላስተዋለችም፤ ጆጓን ሞልታ አጠጣችውና፣ «ናፍቄህ ነበር አይደል?» አለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ይህን በመስተዋቱ ውስጥ ሲያይ የደንበኛውን ጢም ግማሹን ላጭቶ ቆመ። «ልነግራት ወጥቼ ነበር እኮ» ይላል ሲያወራው። «ግን ‹ደህና አደሩ ጋሼ፣ ዛፌን ይጠብቁልኝ› ብላኝ ሄደች። በምን አፌ ልናገር?»

ከእሱ ሱቅ አጠገብ ልብስ የምትሰፋው የልጅቷ አክስትም ዛሬ ነገ እያለች አቆየችው። መምህርቷ ደግሞ ለሕፃን መዋሸት ነውር ነው የሚል ጽኑ አቋም ስላላት፣ እውነቱን የምትናገርበትን ትክክለኛ ቃል በመፈለግ ላይ ነበረች። ፍለጋው ሳምንታት ፈጀ።

በመካከሉ የሌሎቹ ልጆች ዛፎች ቅጠል ማውጣት ጀመሩ።

«ያንቺ ዱላ ነው!» አላት የፊት ጥርሱ የወለቀ የክፍሏ ልጅ።

«ዱላ አይደለም። እያሰበ ነው።»

«እስከ መቼ ነው የሚያስበው?»

«ያንተ ጥርስስ እስከ መቼ ነው የሚያስበው?»

ልጁ አፉን ዘጋ። ዳኛዋ ግን የዚያን ዕለት ከትምህርት ስትመለስ የአክስቷ ጉልበት ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «አክስቴ፣ እኔ ማጠጣት አልችልበትም እንዴ? ለሁሉም ቅጠል ወጣላቸው። ነገ ወላጆች ሊያዩ ይመጣሉ። እኔ ምንድን ነው የማሳየው?»

አክስቷ መርፌዋን አስቀመጠች። ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው እዚህ ላይ ነው።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ከሄደች በኋላ፣ ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን በርጩማ አውጥቶ ድጋፍ እንጨቱ ሥር አቆመ። አክስቷ አንዲት ቅጠል ይዛ ወጣችበት።

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው።»

«ቅጠል ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም፣ ይበጠሳል። አንተ በርጩማውን ያዝልኝ፤ እጅህ ደግሞ እንደ ሥራህ እንዳይንቀጠቀጥ።»

«መቼ ነው የተንቀጠቀጠው?»

«የዚያን የረጅሙን ሰውዬ ጆሮ ስትነካው።»

«እሱ ራሱ ነው የተንቀሳቀሰው!»

መምህርቷ በዚህ መሐል ደረሰች። «ይህ እኮ ማታለል ነው» አለች ፊቷ ቀልቶ። «ልጅ አንድ ጊዜ እምነቱን ካጣ…»

«ልክ ነዎት መምህርት» አላት ፀጉር አስተካካዩ በትሕትና። «እስኪ ይህችን መቀስ ይያዙልን።»

ያዘችላቸው። ይዛም ትቃወም ነበር።

በማግስቱ ወላጆች ተሰብስበው ሳለ ዳኛዋ ቅጠሉን ከሩቅ አየችው። ጆጓን ጥላ ሮጠች፤ ዘለለች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። ከዚያ ጠጋ ብላ አንጋጠጠች።

«ጋሼ፣ እስኪ ከፍ ያድርጉኝ።»

ከፍ አደረጋት። አፍንጫዋን አስጠግታ መረመረች። «ክር አለው» አለች።

«እንግዲህ አንዳንድ ዛፍ…» ብሎ ጀመረ ፀጉር አስተካካዩ።

«አረንጓዴ ክር ነው። አክስቴ ኪሴን የሰፋችበት።» መሬት እንደወረደች እጇ ወገቧ ላይ ወጣ። «ማን ነው ያሰረው?»

«ሐሳቡ የሱ ነው» አለች አክስቷ በፍጥነት።

«መቀሱን የያዙት መምህርት ናቸው!» አለ እሱ ደግሞ።

«ከማን ዛፍ ነው የተቀጠፈው?»

ጥርሱ የወለቀው ልጅ ሮጦ ዛፉን አይቶ ተመለሰ። «ከኔ ነው! አንድ ጎድሎብኛል!»

መምህርቷ ተንበርክካ ልጅቷን ዓይን ለዓይን አየቻት። «ዛፍሽን አንቺ ታመሽ ሳለሽ መኪና ነቀለው። ይሄ ድጋፉ ነው። ልንነግርሽ ይገባ ነበር፣ ፈርተን ነው።» ለሳምንታት የተፈለገው ቃል ይህንኑ ያህል ነበር።

ዳኛዋ ወደ በትሩ ዞረች። እንጨቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ያ የማይበገር ድምጿ ቀጥኖ ወጣ።

«ታዲያ ያንን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣው?»

ወሬ ጎድሎበት የማያውቀው ፀጉር አስተካካይ አንገቱን ማሸት ጀመረ። መልሱ ሲዘገይባት ዳኛዋ ራሷ ልትፈልግ ተቀመጠች፤ ጥርሱ የወለቀው ልጅም ተከትሏት ተቀመጠ።

እንጨቱ በቆመበት ጉድጓድ ዙሪያ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ሳር በቅሏል። በሳሩ መካከል ጉንዳኖች ከአካላቸው የሚበልጥ ነገር እየጎተቱ ይጓዛሉ። ረጠብ ካለው አፈር ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ ቀንዷን አውጥታ ተሰብሳቢውን ታያለች።

«ቀንድ አውጣ አላት!» ብሎ ጮኸ ጥርሱ የወለቀው። «እኔ ያለኝ ቅጠል ብቻ ነው!»

ልጅ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ፤ ወላጆች በየዛፉ ሥር ብቻቸውን ቀሩ።

«እነሱ ናቸው የጠጡት» አለች ዳኛዋ፣ ድምጿም ተመለሰ። «ማጠጣትማ እችልበታለሁ።» ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ሦስቱን ጥፋተኞች በተራ አየቻቸው። «ጋሼ አዲስ ችግኝ ያመጣሉ፤ ሳሩን ሳይረግጡ ይተክላሉ፤ በየቀኑም ያጠጣሉ። አክስቴ ከድጋፉ ጋር ታስረዋለች፣ ላላ አድርጋ። መምህርት ይህን ልጅ ይቅርታ ይጠይቃሉ።»

መምህርቷ ስለ አንዲት ቅጠል ይቅርታ ጠየቀች፤ በሕይወቷ ከዚህ በላይ ከልቧ ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም።

«ቀንድ አውጣዋን ከሰጠሽኝ እተወዋለሁ» አለ ልጁ ወደ ዳኛዋ ዞሮ።

«የማንም አይደለችም፣ የራሷ ናት።»

ችግኙ በሳምንቱ ተተከለ። ፀጉር አስተካካዩ በነጭ ጋውኑ አጎንብሶ ጆጉን ሲያዘነብል ዳኛዋ ከአጠገቡ ቆማ ትቆጣጠር ነበር።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ! የደንበኛ ራስ አይደለም እኮ።»

«ክብርት ዳኛ፣ ቅጣቴ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ቅጠል ሲያወጣ።»

«ከዚያ በኋላ ነጻ ነኝ ማለት ነው?»

ልጅቷ በአዘኔታ አየችው። «ከዚያማ ይለምድዎታል» አለችው። «ጥለውት የት ይሄዳሉ?»