ያረመችው ቢጫ

ሠዓሊዋ ሰውን ከፎቶ አትሥልም ነበር። ሥዕል ሊያዝዝ የመጣ ሰው ከኪሱ ፎቶ ሲያወጣ ገና ሳታየው ትመልስለትና ባለፎቶው ራሱ መጥቶ መስኮቱ አጠገብ እንዲቀመጥ ታደርጋለች። ለተማሪዎቿም፣ ፎቶ አንዴ ያየውን ይዞ ይቀራል፣ ዓይን ግን በመጣ ቁጥር አዲስ ነገር ያያል ትላቸዋለች። በዓይኗ የምትመካ ሴት ነበረች። ኋላ የእግር እሳት የሆነባትም ይኸው መመካቷ ነው።

ታላቅ ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሲስቅ አገጩ ሁለት የሚሆን ሰው። ልሣልህ ስትለው ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ነገ ደክሞኛል እያለ ለዓመታት ሲያመልጣት ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር በገዛ እግሩ መጣ። እንዳይነቃነቅ ብታስጠነቅቀው፣

«ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ የኖርኩትን ሰውዬ መቀመጥ ልታስተምሪኝ ነው?» አላት። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ያኛው ወንበር ግን ቢያንስ ይሄድ ነበር» ብሎ አሳቃት።

በየቅዳሜው ጠዋት ሦስት ሦስት ሰዓት ይቀመጥላት ጀመር። ወንበሩ እንዳይንቀሳቀስ እግሮቹ የሚያርፉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር አመለከተች፤ የወንድሟን ጫማ ዙሪያ ደግሞ በጠመኔ አሰመረች። ከጣሪያው ላይ የግንበኛ ቱምቢ አንጠልጥላ፣ ክሩ ከግንባሩ ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚወርድ ታያለች። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በብሩሹ እንጨት ላይ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየያዘች የመንጋጋውን ስፋት ከግንባሩ ቁመት ጋር ታመዛዝናለች። የለካችውን ሁሉ በሸራው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጭረት ትይዝና ከጎኑ ቀኑን ትጽፋለች። ይህ የሁልጊዜ ልማዷ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በተርፐንታይን በቀጠነ ቡናማ ቀለም ቅርጹን አወጣች፤ ቀጥላ ትልልቆቹን ጥላዎች ጣለች። እሱ በበኩሉ አንድ ጊዜ ዶሮዋን ከነነፍሷ አሳፍራ ለዶሮዋ ትኬት አልቆርጥም ስላለች ተሳፋሪ ያወራላታል። ልጅ ሆነው እንኳ እንደዚያ ቁጭ ብለው ተጫውተው አያውቁም። ሥራው ባያልቅ ብላ የተመኘችበት ቅዳሜም ነበር።

በአምስተኛው ቅዳሜ ልኬቱ አልገጥም አላት። መንጋጋው ሸራው ላይ ከሣለችው ጠበበባት። ወደ ቱምቢው አየች፤ ጫማው ጠመኔው ውስጥ ነው፤ ወንበሩም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፊትህን አዙረሃል ብላ ተቆጣችው። እሱም እንደ ጥፋተኛ ይቅርታ ጠይቆ ቀና፣ ዘንበል፣ እንደገና ቀና እያለ ተቸገረ። ግራ ቢገባት የደረቀውን ቀለም በቢላዋ ፋቀችና መስመሩን ወደ ውስጥ ገፋችው። ጠርዙ ላይ ከቀኑ ጎን «ዞሯል» ብላ ጻፈች። በሰባተኛው ቅዳሜም ያው ሆነ፤ በስምንተኛውም። ሦስት ጊዜ ፋቀች፣ ሦስት ጊዜ «ዞሯል» ብላ ጻፈች።

በስምንተኛው ቅዳሜ ለእረፍት ሲነሣ ከኋላዋ መጥቶ ሸራውን ትክ ብሎ አየው።

«እዚህ ላይ ከስቻለሁ ልበል?» አላት።

«ጥላው ነው፣ ጋሼ» አለችው፤ ዘወር እንኳ አላለችም።

እሺ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከእረፍት በኋላ ጀርባውን እንደያዘው ቢነግራት፣ የአንገቱን ጥላ እስክትጨርስ አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲችላት ለመነችው። አሥሩ ደቂቃ አርባ ሆነ። እሱም ቻለላት።

ቢጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለተማሪዎቿ ነጋ ጠባ የምትነግራቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ የዓይን ነጩ ነጭ እንዳልሆነ ነው። ጀማሪ ከቱቦው የወጣውን ነጭ እንዳለ ይለጥፈዋል፤ የሚያይ ሰው ግን ግራጫውን፣ ሮዛውን፣ ሰማያዊውን ያገኝበታል። ስለዚህ የወንድሟ ዓይን ቢጫ ብሎ ሲታያት አልደነቃትም፤ ያየችውን ያንኑ ቀለም በጥብጣ ቀባችው። ጉንጩም፣ የአንገቱ ቆዳም ወደ ቢጫ አደላባት። ኋላ ራቅ ብላ፣ ስሕተቱ እንዲወጣላት በመስታወት ገልብጣ ስታየው ሥዕሉ አላማራትም። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ጎረቤት በዚያው ሰሞን ግድግዳውን ቢጫ ቀለም አስቀብቶ ነበርና፣ ነጸብራቁ ነው ብላ ጥፋቱን ለግድግዳው ሰጠችው። መስኮቱን በአንሶላ ጋረደች። ቢጫው ግን አልሄደም። ዓይኔ ለምዶት ነው አለችና ቢጫን ከሚያጠፋው ከወይን ጠጁ ቀለም ጠብታ ያህል በተልባ ዘይት አቅጥና፣ ፊቱን በሙሉ በስሱ አለበሰችው። ቢጫው ጠፋ። ወንድሟ ሥዕሉ ላይ ጤነኛ ሆነ። በዚያ ቀን በሥራዋ ረክታ ነበር የዋለችው።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ ወንድሟ ቀረ። ረፋዱ ላይ ሚስቱ ደወለች፤ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ሐኪም ቤት ወስዳዋለች። ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሙ ሁለቱን ሴቶች ቢሮው አስቀምጦ፣ ከጨጓራው ኋላ ዕጢ እንደበቀለ፣ ያከሳውም፣ ጀርባውን የሚይዘውም፣ ዓይኑን ቢጫ ያደረገውም እሱ እንደሆነ ነገራቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ሲጠይቅ ሚስቱ ሰሞኑን ነው አለች። ሠዓሊዋ ግን ቀኑን ታውቀዋለች፤ በራሷ እጅ ጽፋዋለች።

ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብላ ሐኪሙን ለብቻው ጠየቀችው። ቀደም ቢል ቀዶ ሕክምና ሊሞከር ይችል እንደነበር፣ ያም ሆኖ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ነገራት። ቁርጡን ቢነግራት ትመርጥ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አልጋው አጠገብ ብቻዋን ስትሆን አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አይቼው ነበር» አለችው። መንጋጋውን፣ ቢጫውን፣ ወይን ጠጁን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው።

ወንድሟ እስክትጨርስ ሰማት። «አንቺ ሠዓሊ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም» አላት። ቀጥሎም ሊያጽናናት ብሎ፣ «እኔም ብሆን ሕመሙን አውቀው ነበር። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ቶሎ ታይ ብላኝ ነበር። ሥዕሉ ይለቅና እሄዳለሁ ብዬ ነው። ስንት ዓመት ለምነሽኝ፣ መሐል ላይ ጥዬሽ ልሂድ?» አላት።

ሊያጽናናት ብሎ የተናገረው አንጀቷን ቆረጠው። ሁለት ወርም ሳይሞላው አረፈ።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ሚስቱ ሥዕሉን ፈልጋ ወደ ሠዓሊዋ ሥራ ቤት መጣች። ሸራው ላይ ያለውን ሰው ቆማ ብዙ አየችው። እንደ ድሮው ወፈር አድርጋ እንድትመልስላት ለመነቻት፤ ሸራውን ስትጀምር እንደዚያ ነበር አይደል፣ ከሥር ያለው እሱ አይደል አለቻት።

«የለም፣ እትዬ» አለች ሠዓሊዋ። «ያንን ፍቄዋለሁ።»

ከዚያም መደበቁ ሰለቻትና ሸራውን አዙራ ጠርዙን አሳየቻት፤ ጭረቶቹን፣ ቀኖቹን፣ ሦስቱን «ዞሯል»። አንዱ ጭረት ከሌላው እየጠበበ ነው የሚሄደው። የወንድሟ ሚስት ጣቷን በጭረቶቹ ላይ ሄድ መለስ አደረገች። ሠዓሊዋ ትጮኽብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር።

«ቀበቶውን ሁለት ጊዜ የበሳሁለት እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። «ጡረታ አማረብህ፣ ቦርጭህ ጠፋ እያልኩ ስስቅበት ነበር።»

ሠዓሊዋም በወይን ጠጅ ያጠፋችውን ቢጫ ነገረቻት። ሚስቱ የትኛው ቢጫ እንደነበር ስትጠይቃት ሠዓሊዋ ቀለሙን ሳትቸገር በጥብጣ በቢላዋ ጫፍ አሳየቻት። አዎ፣ ይሄ ነው፣ እኔ የማድ ቤቱ አምፖል መስሎኝ ነበር አለች ሚስቱ። ሁለቱም ሥዕሉን በአንሶላው ጠቅልለው፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ይዘው ታክሲ ላይ ጫኑት። ቀኝ እጁ አላለቀም፤ ዛሬም ጭኑ ላይ በቡናማ መስመር ብቻ ተሥሎ እንዳለ ነው። እናስጨርሰው ያለ ከቤተሰቡ አልተገኘም።

ሠዓሊዋ ሥራዋን አልተወችም። የሚቀመጥላት ሰው ልኬት አልገጥም ሲላት ግን ቢላዋ ከማንሣቷ በፊት ብሩሹን ታስቀምጥና እንዴት ሰነብትክ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ ይበላልሃል ወይ እያለች ትጠይቀዋለች። ሥዕል ሊሣል የመጣው ሰው ግራ ይገባዋል። ብዙዎቹ ደህና ናቸው፤ የእውነት ዞረው ነው። እሷ ግን ደህና ነኝ በተባለች ቁጥር እፎይ በማለት ፈንታ የዓይኑን ነጭ ደግማ ታያለች።