ሰባት ክዳን

ሃያ ዓመት ሬሳ መርምሬያለሁ፤ እንደ አሟሟት መመዝገቢያው ቅጽ ያናደደኝ ነገር የለም። አምስት ምርጫ አለው፦ በተፈጥሮ፣ በአደጋ፣ በራሱ እጅ፣ በሰው እጅ፣ ያልታወቀ። አንዱን ምረጪ ይሉሻል፣ የሰው ነገር በአምስት ተከፍሎ ያለቀ ይመስል።

ሟቹ ወገቡን ታሞ የተኛ ወጣት ነበር። ደሙ ውስጥ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ ኪኒን ከልክ በላይ ተገኘ። ተሳስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ደም ይህን አይናገርም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ታላቅ እህቱ ተመላለሰችብኝ።

"ዶክተር፣ በራሱ እጅ ካሉ እናቴንም አብረው ይቅበሯት" አለችኝ።

ፖሊሶቹ የኪኒን ሳጥኑን ቤት ረስተውት ነበርና አምጪው አልኳት። ማክሰኞ ጠዋት ይዛው መጣች። ሰባት ክዳን አለው፣ ለየቀኑ አንድ። ሰኞና ማክሰኞ ባዶ፣ ከረቡዕ እስከ እሁድ ሙሉ። ልጁ የሞተው ማክሰኞ ማታ ነው። ሊሞት የቆረጠ ሰው ያለውን ሁሉ ይውጣል እንጂ የነገውን አያስቀርም። እፎይ ብዬ "በአደጋ" ላይ ምልክት ላደርግ ብዕር አነሳሁ።

የተፈረመ ቅጽ ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና አንድ ጥያቄ ጨመርኩ።

"ሳጥኑን ማን ነበር የሚሞላለት?"

"እማዬ፣ እሁድ እሁድ።" አንገቷን ደፋች። "እስካሁንም አልተወችም። ከትናንት ወዲያም ሞላችው።"

ለካ የያዝኩት የሟቹን ሳምንት አይደለም፣ ይህንን ሳምንት ነው።

"ታዲያ የሰኞና የማክሰኞውን ማን ወሰደው?"

"እኔ እንጃ። እማዬ 'ጠዋት ጠዋት ይውጣል' ትላለች። ልቧ እንዲያርፍ ዝም እላታለሁ።"

"ከእሷ ጋር ማን አለ?"

"ከእኔ ሌላ ማንም የለም። አሁን ተኝታለች። ሰሞኑን እንቅልፍ አብዝታለች፣ ሐዘኑ ነው።"

ኪኒኑን የምትውጠው እናትየዋ ራሷ እንደሆነች ገባኝ። "ደውይላት" አልኳትና እኔ በሌላው ስልክ አምቡላንስ ጠራሁ። የእናትየው ስልክ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ከድምፅ ማጉያው የተኮላተፈ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ወንድምሽ ገና መተኛቱ ነው። እንደዚያን ማክሰኞ ሕመሙ ቢጠናበት፣ ዛሬም ከኪኒኑ ጠርሙስ ደገም አድርጌ ሰጠሁት።"



አምቡላንሱ ደረሰላት፣ ተረፈች። ያለችውን ከሁለታችን በቀር የሰማ የለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ "ያልታወቀ" ላይ ፈረምኩ።