አርባ አንድ ኪሎ

ሀይደር ትግል ሲያይ የሚያየው አንገት ብቻ ነበር። ሌሎቹ አባቶች ምንጣፉን ከበው የልጆቻቸውን እግር፣ ወገብና አያያዝ እየተከተሉ «ያዘው! አዙረው!» ሲሉ፣ እሱ ዓይኑን ከልጁ ከሙሰዓብ አንገት ላይ አይነቅልም። ጎረምሳ ሳለ ባቲ ውስጥ እህል ሲያራግፍ፣ አብሮት የሚሠራ ልጅ ከነጆንያው ከመኪና ላይ ወድቆ አንገቱ ሲቀጭ አይቷል። ድምፁ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ ይኸው ሃያ ዓመት አልፎም ከጆሮው አልወጣም።

ሙሰዓብ ትግል የጀመረው አባቱን ሳያስፈቅድ ነው። ሀይደር ከበርበራ ወደብ ዱቄትና ሩዝ ጭኖ ሀርጌሳ የሚያመላልስ የኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከሳምንቱ ግማሹን ቤቱ አያድርም። አንድ ቀን ወደቡ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ደምመላሽ የሚባለው የአገሩ ልጅ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ ስልኩን ዘረጋለት።

«ይሄ ያንተ ልጅ አይደለም እንዴ?»

ሀይደር አየ። ልጁ አየር ላይ ነበር፤ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች።

ሀርጌሳ እንደገባ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ 26 ጁን ሰፈር ወደሚገኘው የትግል አዳራሽ ሄደ። ጆሮውን ይዞ ሊያወጣው ነበር ሐሳቡ። አሰልጣኙ ዓብዲቃኒ፣ ሲያወራ ሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ቀጭን ሰውዬ፣ በሩ ላይ ተቀበለው።

«ወንድሜ፣ ልጅህን ብትወስደው ነገ መንገድ ላይ ይታገላል» አለው። «እዚህ ሲወድቅ ግን ፍራሽ ላይ ነው።»

ሀይደር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም፣ ከተማ ውስጥ በዋለ ቁጥር፣ እዚያው ግድግዳ ስር ይቆም ጀመር።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሙሰዓብ አሥራ ሦስት ሞላው፤ ትከሻው ሰፋ፣ ክብደቱም አርባ አምስት ኪሎ ደረሰ። ልጆቹ የሚጋጠሙት በክብደት ነው፤ በዚያ ክብደት ውስጥ ግን ዓብዲፈታሕ የሚባል እኩያ ልጅ ነበረ። የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ግጥሚያ በዋለ ቀን አጎቶቹ ብቻ ከአዳራሹ አንዱን ጎን ይሞሉታል። ሙሰዓብን ሦስት ጊዜ አከታትሎ ጣለው። በሦስተኛው ሙሰዓብ ወደ ቤት ሲመለሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ሀይደር አይቶ እንዳላየ ሆነ። በሆዱ ግን «እሰይ፣ አሁን ይተወዋል» ብሎ ነበር።

አልተወውም። በአራተኛው ግጥሚያ ሙሰዓብ ዝቅ ብሎ ገባና የዓብዲፈታሕን ወገብ ይዞ ዘረረው። ዳኛው ምንጣፉን ሲመታ ሀይደር ፍርሃቱን ረስቶ «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ። የጮኸው ግን እሱ ብቻ መሆኑን ያወቀው ከጮኸ በኋላ ነው። ከወዲያ ማዶ አጎቶቹ ቀና ብለው አዩት። አንደኛው ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሀይደር የያዘው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፤ «ሐበሺ»። ስድብ አልነበረም ይሆናል። ምስጋና እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነበር።

በነጋታው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ ሲወጣ አንድ የማያውቀው ሰው በትሕትና ሰላም አለው። «የታጋዩ አባት አንተ ነህ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ አለፈ። ይኸው ነው። ክፉ ቃል አልወጣውም። ሀይደር ግን በርበራ እስኪደርስ ድረስ የኋላ መስታወቱን ሲያይ ነበር።

ለደምመላሽ ነገረው።

«ሀይደሬ» አለው ደምመላሽ፣ «አሁን ልጅህ ጣለው፤ ይሁን። ነገ ቢሰብረውስ? እዚህ አገር ሰው ሲጎዳ ጎሳው ይነሳል፤ ጎጂውም ጎሳ አለውና ሽማግሌ ከሽማግሌ ይነጋገራል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ያልቃል። ካንተ በኩል ማን ይቀመጣል? እኔና ኤፍ ኤስ አሩ?»

ደምመላሽ ሳቀ። ሀይደር አልሳቀም። ቀድሞ የሚፈራው ለልጁ አንገት ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የሰው ልጅ አንገት በልጁ እጅ ሲቀጭ በሕልሙ ማየት ጀመረ።

ቀጣዩ ግጥሚያ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጁን ግቢው ውስጥ ብቻውን አገኘው።

«ሙሰዓብ።»

«አቤት አባዬ።»

«ከዓብዲፈታሕ ጋር ከተገናኛችሁ...» ወደ በሩ አየ። «ተሸነፍለት።»

ልጁ ያልሰማ መሰለ። «ሆን ብዬ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። እኛ እዚህ እንግዳ ነን ልጄ።»

«እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለ ሙሰዓብ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ሀይደርን የከበደውም እሱ ነው። ሀይደርም ነገሩን አልደገመውም።

በዚያው ሳምንት ሙሰዓብ መጾም ጀመረ። ሰኞና ሐሙስ ሱና ነው፤ እናቱ ፈትሂያ ደስ አላት። «ማሻአላህ፣ ልጅህ ትልቅ ሰው ሆነ» አለችው በስልክ። ሐሙስ ላይ ረቡዕ ተጨመረ፣ ከዚያ ማክሰኞ። ማፍጠሪያው ሲደርስ «ጓደኞቼ ዘንድ እበላለሁ» ይላል። ፈትሂያ የልብስ ሱቋን ዘግታ የምትመጣው ከመግሪብ በኋላ ነው፤ ሀይደር መንገድ ላይ ነው፤ ልጁ በላ አልበላ ያየ የለም። አንድ ቀን ሀይደር በቀትር ሲገባ ሙሰዓብ የላስቲክ ጃኬት ለብሶ በዚያ ሐሩር ሲሮጥ አገኘው። «ልምምድ ነው» አለው ልጁ፤ አባትየውም ጨክኖ አልጠየቀም። ያን ቃል ከተናገረው ወዲህ የልጁን ዓይን ማየት ያፍር ነበር።

ግጥሚያው ዓርብ ነበር። ልጆቹ የሚመዘኑት ጠዋት ስለሆነ ሀይደር አልደረሰበትም፤ ከደምመላሽ ጋር ከበርበራ ተመልሰው አዳራሹ የገቡት ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ፈትሂያ አልመጣችም፤ እሷ ትግል ማየት አይሆንላትም።

«አርባ አንድ ኪሎ!» ብሎ ተጣራ ጠሪው፤ ከዚያም የሙሰዓብን ስም ጠራ።

ሀይደር የተሳሳቱ መሰለው። ልጁ ግን ከአንዱ ጥግ ተነሳ። ከሌላው ጥግ የተነሳው ዓብዲፈታሕ ነበር። ሁለቱ ልጆች መሀል ላይ ሲገናኙ ቆመው ተያዩ፤ እንደ ባላንጣ ሳይሆን የሞተ ሰው በድንገት መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። የትግል ልብሱ በሁለቱም ላይ ሰፍቷል።

«አርባ አምስት አልነበሩም እንዴ?» አለ ሀይደር ዓብዲቃኒን ክንዱን ይዞ።

«ሁለቱም ወርደው መጡ። ሚዛኑ ተቀበላቸው» አለ አሰልጣኙ። ዓይኑን ግን ከምንጣፉ አላነሳም።

ፊሽካው ተነፋ። ትግሉ ትግል አይመስልም ነበር፤ ተደጋግፈው የቆሙ ሁለት የደከሙ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሙሰዓብ በባላጋራው ብብት ስር ገብቶ ያዘው፣ ሊያነሳውም ሞከረ። ያኔ የዓብዲፈታሕ ራስ እንቅልፍ እንደጣለው ሕፃን ትከሻው ላይ ዘንበል አለ። ተያይዘው ወደቁ። ሙሰዓብ ተነሳ። ዓብዲፈታሕ አልተነሳም።

ሴቶቹ ከተቀመጡበት ጥግ አንድ ጩኸት ወጣ። አጎቶቹ ምንጣፉ ላይ ወጡ፤ ዓብዲቃኒ ልጁን በክንዱ ታቅፎ ወደ በሩ ሮጠ። ሀይደር የሚያየው የታቀፈውን ልጅ አንገት ብቻ ነበር። ደምመላሽ ነው ሙሰዓብን ከነትግል ልብሱ ይዞ በኋላ በር ያወጣው።

ቤት ሲደርሱ ደምመላሽ ሞተሩን አላጠፋም።

«ሀይደሬ፣ ነዳጅ አለኝ» አለ። «ድንበሩ ቶጎ ውጫሌ ድረስ ሁለት ሰዓት አይፈጅብንም። ልጁን ጅግጅጋ እናሻግረው። የቀረውን አንተ ቀስ ብለህ ትጨርሰዋለህ።»

ፈትሂያ ከሰማችበት ጊዜ ጀምሮ የልጁን ልብስ ቦርሳ ውስጥ ትከት ነበር። ሙሰዓብ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ እኔ አልሰበርኩትም» አለ። «ገና ስይዘው ነው እጄ ላይ የላላው።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ሀይደር ልጁን ሊያምነው ፈለገ፤ ፍርሃቱ ግን አላሳምን አለው። የሁሉንም መጨረሻ በአንድ ጊዜ አየ፤ ወጣቶች በሩን ሲደበድቡ፣ ልጁ ሲታሰር፣ ፈትሂያ በሱቁ ደጃፍ ስትጮህ። ከቤቱ ወጥቶ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ። ሲመለስ ግን ሐሳቡን ቆርጦ ነበር።

«ቦርሳውን አስቀምጪው» አላት።

«ቢይዙትስ?»

«ዛሬ ድንበር ካሻገርነው፣ ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሰው ገድሎ እንደሸሸ ነው የሚኖረው። ባይገድልም። እኔ እሄዳለሁ። መያዝ ካለ እኔን ይያዙ።»

ሙሰዓብ ተነሳ። «እኔም እመጣለሁ።»

«አንተ ትቀመጣለህ!» አለች ፈትሂያ፤ ልጁ ግን ቀድሟት የደምመላሽ መኪና ውስጥ ገብቶ ነበር።

የሆስፒታሉ ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ሀይደር ሰባት ወንዶች ቆጠረ። ሲያዩት ወሬያቸውን አቆሙ፤ አንዱ አጎት ወደፊት ራመድ አለ። ሀይደር ልጁን ከኋላው አደረገው። በሶማልኛ ሊናገር ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ «ይቅርታ... እንዴት ነው ልጁ?» ብቻ አለ።

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት መሀል አንዲት ሴት ተነሳች። ዳሀቦ ነበረች፣ የዓብዲፈታሕ እናት። ወንድሟን በእጇ ወደ ኋላ መለሰችው።

«ልጅህ ዛሬ ምን በላ?» አለችው።

ሀይደር አልገባውም። «እ?»

«ምን በላ ነው የምልህ! ትናንትስ? ከትናንት ወዲያስ?»

«ይጾማል» አለ ሀይደር።

«የእኔም ይጾም ነበር» አለች ዳሀቦ። «አጥንቱ ደህና ነው ይላሉ። ደሙ ነው የደረቀው። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ በአፉ አልዞረም፤ ኩላሊቱ ይሥራ አይሥራ አናውቅም ይሉኛል።»

ያኔ ሀይደር ዞሮ ልጁን አየው። ስንት ሳምንት ሙሉ እንዳላየው ያን ጊዜ ነው የገባው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አጥንቱ ካናቴራውን ሊበሳ ደርሷል።

«ለምን?» አለው።

ሙሰዓብ ሁሉም እንዲሰሙት በሶማልኛ መለሰ። «ተሸነፍ ብለኸኝ ነበር። ሆን ብዬ መሸነፍ አልችልም። ስለዚህ ከሱ ጋር እንዳንገናኝ ወደ አርባ አንድ ልወርድ አሰብኩ። እሱ አርባ አምስት ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር።»

ዳሀቦ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወደ ወንድሞቿ ዞረች።

«እናንተም ልጄን ‘ያ ሐበሺ ዳግመኛ ከጣለህ ዓይንህን እንዳናይ’ ብላችሁት ነበር» አለች። «ለእህቱ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? ሙሰዓብ ወደሌለበት እወርዳለሁ ነው ያላት። ልጅ ናት፣ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። እኔም አሁን ነው የነገረችኝ።»

ወደፊት የተራመደው አጎት መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሀይደርም መሬት አየ። ሲጠብቀው የነበረው ክስ መጣ፤ ግን ካልጠበቀው ወገን ነው፤ ከሳሹ ከራሱ አፍ የወጣችው አንዲት ቃል ነበረች።

ነርሷ ሙሰዓብን አይታ ክንዱን ያዘች፤ ሌላ አልጋ ላይ አስተኝታ ግሉኮስ ተከለችለት። ሁለቱ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በአንድ መጋረጃ ተለይተው ተኙ። ሀይደርና ዳሀቦ በአግዳሚው ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ጠበቁ። በር በተከፈተ ቁጥር አብረው ይነሳሉ፤ ጉዳዩ የነሱ አለመሆኑን ሲያውቁ አብረው ይቀመጣሉ። መግሪብን ወንዶቹ ኮሪደሩ ውስጥ ሰግደው ሲጨርሱ ዓብዲፈታሕ ዓይኑን ገለጠ። ኩላሊቱ ግን ገና ነበር። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ተስፋ የሰጣቸው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ልጁ አልጋውን የለቀቀውም በዘጠነኛው።

በዚያ በሦስተኛው ቀን ትልቁ አጎት ሀይደርን ወደ ጎን ጠራው። ሀይደር በልቡ «ይኸው መጣ» እያለ ተከተለው።

«ሽማግሌ አንልክብህም» አለው ሰውየው። «ከአንተ የምንጠይቀው ነገር የለም። እኛም የምንጠየቅበት ነገር አለ።» ከዚያም ሌላ ሳይጨምር ወደ ልጁ ገባ።

ሙሰዓብ ያን ቀን ከሆስፒታሉ ግቢ ጥላ ስር ተቀምጦ ነበር፤ ቀለሙ ተመልሶለታል። ሀይደር አጠገቡ ቁጭ አለ። ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ይቅር በለኝ» አለው። «ፍርሃቴን አንተ ላይ ጫንኩት።»

ሙሰዓብ በእግሩ ጠጠር ያንከባልል ነበር። «አሁንም ትፈራለህ?»

«አዎ።»

«እኔም» አለ ልጁ። «ሳየው ምን እንደምለው አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ና እንግባ።»

ተያይዘው ተነሱና ዓብዲፈታሕ ወደተኛበት ክፍል ገቡ።