ልደታ እስኪያልፍ

ወንድሜ ወልደአማኑኤል ያባታችንን መሬት ሸጦ አውሮፕላን የገዛ ለት የልደታ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አበደ አለ፤ ግማሹ ደግሞ ድሮም ጤነኛ አልነበረም አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ። ሰው መሬት ሸጦ በቅሎ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል። የኔ ወንድም ግን ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች፣ ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ የማታስቀምጥ ነገር ገዝቶ መጣና «የሻረግ፣ ነይ እያት» አለኝ።

የሸጠለት ወደ አገሩ ሊገባ የቸኮለ አንድ ግሪክ ነጋዴ ነው። ወልዴ ለዚያ ግሪክ ስንት ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም፣ አብሮት እየበረረም መንዳቱን ተምሮ ኖሯል። እኔንም አንድ ቀን አሳፈረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አንድ ባንድ ጨረስኩና ስገልጥ፣ የልደታ ማርያም ጣሪያ ከታች የሞሰብ ክዳን አክሎ አየሁት። ስንወርድ የግራ ክንፏ ሆዱ ላይ በግራር እሾህ ተቀደደ። ጨርቅ አይደል፣ አቡጄዲ ቆርጬ እኔው ሰፋሁለት። አውሮፕላኗ ቀይ ናት፣ እራፊው ነጭ። «እቀባዋለሁ» እንዳለ ጦርነቱ መጣና ሳይቀባው ቀረ።

ጣሊያን ከተማችን ሊገባ ሲቃረብ ወልዴ ክንፎቿን እንደ ዶሮ ወደ ኋላ አጠፋቸውና ከግቢያችን ጓሮ ካለው የሣር ጎተራ አስገባት። ሣር ከመርንባት። አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ረጅም እንጨት፣ ውልብልቢት የሚለውን፣ ፈትቶ ጌጃ ሰፈር ለአባባ ሀብተ ማርያም ሰጣቸው። አባባ ሀብተ ማርያም ክርስትና ያነሱት አባቱ ናቸው፤ አናጢ ስለሆኑ በሳንቃቸው መሀል አንድ እንጨት ቢጨመር ማን ያውቃል? ያለዚያ እንጨት አውሮፕላኗ በድን ናት። ከዚያ ወልዴ አንድ ቆርቆሮ ላምባ አምጥቶ ጎተራው በር ሥር አስቀመጠ።

«ለነሱ ከምትደርሳቸው አቃጥያት። ቃል ግቢልኝ» አለኝ።

«ባቃጥላት ደስታዬ ነው» አልኩት። ቃልም ገባሁለት።

በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት፣ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ሰሞን፣ ወልዴን ከቤት ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ አገልግል ይዤ ከእስር ቤቱ በር እቆም ነበር። ዘበኞቹ አገልግሉን ተቀብለው ይገባሉ፤ ባዶውን ይመልሱልኛል። ባዶ አገልግል ስቀበል ደስ ይለኝ ነበር። በላ ማለት ነው፤ የሚበላ ሰው ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ነው። የፋሲካ ለት ዶሮ አስገባሁለት። አጥንቷ እንኳ ሳይቀር ባዶው መጣልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በፋሲካው ሳምንት ሐሙስ ለት ሲኞር ብሩኖ የሚባል ጣሊያን መጣ። ከሰፈራችን በታች ያለውን ሜዳ ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚደለድለው እሱ ነበር፤ ስንት ጎጆ እንዳፈረሰ እሱና አምላኩ ይወቁ። ሠራተኞቹ ለበቅሎ ሣር ፍለጋ ጓሮዬ ገብተው ኖሮ፣ ያዩትን አይተው ነግረውታል። ወታደር አላስከተለም፤ አስተርጓሚውን ፍሰሐን ብቻ ነው ይዞ የመጣው። ጎተራው ገብቶ አያት፣ ዞራት፣ እንደ ፈረስ ገዢ ዳበሳት። ከዚያ የጎደላትን አፍንጫዋን አየና ሳቀ።

«እንጨቱ የት እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ ይላል» አለኝ ፍሰሐ። «ለጦሩ ቢናገር አውሮፕላኗንም አንቺንም ይወስዳሉ፤ ለሱ ምንም አይደርሰውም። ስለዚህ በወጉ ሽጭልኝ ነው የሚለው። ወረቀት ተጽፎ፣ እማኝ ፈርሞ፣ በስሜ ትሁን ይላል።»

«አልሸጥም በለው።»

ፍሰሐ አላስተረጎመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋጋውን ሳትሰሚ?» አለኝ። «ወንድምሽ ሰኞ ወደ ሶማሌ በረሃ ከሚጫኑት እስረኞች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ። ይኸው ወረቀቱ። እስከ ቅዳሜ ከሸጥሽለት ያሰርዘዋል፤ ሰኞ ቤቱ ይገባል።»

ወረቀቱን አየሁት። የነሱን ፊደል አላውቅም፤ ፍሰሐ ግን በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ፣ ወልደአማኑኤል ከነአባቱ ስም። ዝርዝሩ አሮጌ ይሁን ውሸት ዛሬም ድረስ አላውቅም።

ያን ለት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ዓርብ ማለዳ ላምባውንና ክብሪቱን ይዤ ጎተራው ገባሁ። ቃሌ ቃል ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ክብሪቱን ሁለት ጊዜ ጫርኩ፣ ሁለት ጊዜ እፍ አልኩት። ሰው በሕይወት ካለ አውሮፕላን ሌላ ይገዛል። ቢቆጣኝም ተቀምጦ ይቆጣኝ፤ ከሶማሌ በረሃ ሆኖ ከሚያመሰግነኝ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ቢያማኝ ይሻለኛል። እንዲህ ብዬ ቆርቆሮውን ቦታው መለስኩት።

ስወጣ ጎረቤቴ ሎሚ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ባሏ ሞቱማ በወልመራ በኩል ጫካ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲኞሩ መምጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«የሹ፣ ልትሸጪያት ነው?»

«ወልዴን ሊለቁልኝ ነው።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «እስከ ሰኞ ቆዪ በማርያም» አለችኝ። «ልደታ እስኪያልፍ ብቻ።»

«ሰኞማ ይጫናል፣ ምን ሆነሻል?»

«ቆዪ ነው የምልሽ» አለችና እጄን ያዘችኝ።

ገባኝ አልኩ በልቤ። አውሮፕላኗ ሞቱማ ላይ እንዳትዞር ነው፤ ለባሏ ብላ ወንድሜ በረሃ ይቅር ነው የምትለው። እጄን መነጨቅኳት። «ያንቺ ባል ጫካ አለለት፤ የኔ ወንድም ካቴና ላይ ነው» አልኳትና ትቻት ሄድኩ። ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማኋት። ታልቅስ አልኩ።

ጌጃ ሰፈር ስደርስ በዓለ ወልድ ስለነበር አባባ ሀብተ ማርያም ሥራ አልያዙም። ከሳንቃቸው አጠገብ ዱካ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ቀና አላሉም።

«እንጨቱን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ አባባ።»

«ልደታ ይለፍ፣ ልጄ።»

«እርስዎም? ከሎሚ ጋር መክራችኋል እንዴ?»

«ሁለት ቀን ነው። እሑድ ልደታ ነው፣ ዳግማ ትንሣኤም ነው። ሰኞ ማለዳ እኔው እመጣልሻለሁ። ያን ጊዜ ሽጪ ካልሽ ሽጪ፣ አቃጥዪ ካልሽ አቃጥዪ።»

«ሰኞ ወልዴ የለም እኮ! ሰኞ ሄዷል!»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ዓመት ሙሉ የእንጨት ዱቄት የሚበንበት ዓይን ስለሆነ ነገሬም አላልኩት። ያኔ ነው ምላሴ ያመለጠኝ። «የወለዱት ልጅ ቢሆን ልደታ ይለፍ ይሉ ነበር? ክርስትና ማንሳት ለስም ነው? ለዚህች እንጨት ሳስተው ነው?» አልኳቸው። እኚህ ሰው ናቸው አባታችን ሲሞት ቀለብ የሰፈሩልን፤ ወልዴን መጋዝ ያስያዙት፤ እኔን ድል ያለ ድግስ ደግሰው የዳሩኝ።

ተነሡ። ከሳንቃው መሀል በጆንያ የተጠቀለለውን አወጡ። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ «ተዪው፣ እኔ እሸከመዋለሁ» አሉ። ከጌጃ ሰፈር ልደታ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ተሸክመውት መጡ። አፈሩ ብዬ ውስጤ ደስ አለው። ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ ብዬ!

ቅዳሜ ሲኞር ብሩኖ ወረቀቱን ጽፎ መጣ። እማኝ ይሁኑልኝ ብዬ አባባ ሀብተ ማርያምን አስቀረኋቸው። ብዕሩን ከመያዛቸው በፊት ወደ ፍሰሐ ዞሩና «ልጁን አምጥቶ ያሳየን በልልኝ። እዚህ በር ላይ ያቁመውና እንጨቱን ይውሰድ» አሉ።

ሲኞሩ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይፈረም አለ።

«እንግዲያው ይቅርብን» አሉ አባባ።

«አባባ፣ አያደናቅፉብኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ በሰው ፊት። ቀለሙን ስቤ ጣቴን ነክሬ አተምኩ። ከዚያ እሳቸውን አየኋቸው። ብዕሩን አንስተው ፈረሙ። አንድ ጠብታ ቀለም ስማቸው ላይ ጠብ አለ። ሲኞሩ ጨበጠኝ፤ ሰዎቹ እንጨቱን ተቀብለው አውሮፕላኗን ከሣር ውስጥ አውጥተው እየገፉ ወደ ሜዳው ይዘዋት ወረዱ። አባባ የግቢውን በር ይዘው እስክትጠፋ እያዩዋት ቆሙ።

እሑድ ልደታ ነው። ታቦቱ ሲወጣ እንደኔ እልል ያለ ሰው አልነበረም። የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም «ነገ ወልዴ ይገባል» እያልኩ ነገርኩ። ሰዎቹ አሜን፣ አሜን እያሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። የማኅበራችን ሴቶች ጉንጬን ስመው ቶሎ ቶሎ ዞር ይላሉ። ምቀኞች አልኩ። ቤቴ ገብቼ አልጋውን አነጠፍኩ፣ ሸሚዙን አጥፌ አስቀመጥኩ፣ የሚወደውን ድልህ አዘጋጀሁ።

ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ወልዴ! ብዬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ፤ በሩን በረገድኩት።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ከፊት አባባ ሀብተ ማርያም፣ ከጎናቸው ትናንት ማታ ከአዲስ ዓለም የገባው አጎቴ፣ ከኋላ ካህኑ፣ ሎሚ፣ ትናንት ጉንጬን የሳሙኝ ሴቶች በሙሉ። ሁሉም ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀዋል። እንዲህ ሆኖ ለሌላ ነገር የሚመጣ ሰው የለም። መቼም አገሬ ነው፤ አውቃለሁ።

አረዱኝ። ከጩኸቱ፣ ደረት ከመደቃቱ በኋላ፣ ድምፄ ሲዘጋ አባባን ጠየቅኳቸው።

«መቼ ነው የሞተው?»

«በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ። አብሮት የነበረ እስረኛ ተፈትቶ ነገረን።»

ማክሰኞ። የፋሲካውን ዶሮ ማን በላው? የሐሙሱንስ?

«ለናንተ መቼ ነገራችሁ?»

«ባለፈው ረቡዕ፣ ከፋሲካ በኋላ።»

«ቅዳሜ ፈርመዋል እኮ፣ አባባ።»

«ፈርሜያለሁ» አሉ። «በፋሲካ ሳምንት፣ በልደታ ዋዜማ መርዶ እንዴት ልንገርሽ? አጎትሽ ሳይደርስ፣ ካህኑ ሳይቆም፣ አንቺን የሚደግፍ ሰው ሳይኖር? ሰኞ ማለዳ እንነግራታለን ብለን ተማምለን ነበር። ሁለት ቀን ነበር፣ የሻረግ። ሁለት ቀን ብትቆዪልኝ ምን ነበረበት?» አሉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ልሰድባቸው ፈለግሁ። ግን ለሎሚ የእናቷን መርዶ ስምንት ቀን ደብቄ፣ አብሬያት ጎመን እየቀነጠስኩ ስስቅ የከረምኩት እኔው ነኝ። ቀኑ እስኪደርስ ብዬ። ሎሚ ያን ለት አመስግናኛለች።

ረፋዱ ላይ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ እንደተቀመጠ ከወደ ሜዳው ሞተር ሲያጓራ ተሰማ። አልቃሿ ቀና አለች። አውሮፕላኗ እንደ ወፍ ብድግ አለችና በጣሪያችን ላይ አለፈች። ቀይ ናት። በግራ ክንፏ ሆድ ላይ እጄ የሰፋው ነጭ አቡጄዲ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስፌቴ አልተተረተረም። ዞር አለችና በወልመራ በኩል አቀናች።

ሎሚ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አየቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። እንድትረግመኝ ጠበቅሁ፤ ብትረግመኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ወገቤን ደግፋ «ተቀመጪ፣ ደክሞሻል» አለችኝ።

ሰፈርተኛው ለለቅሶው ድንኳን ጣለ። ለፋኖስ የሚሆን ላምባ የለም፤ በዚያ ሰሞን የትም አይገኝም ነበር። አንዱ ጓሮ ዞሮ፣ ጎተራው በር ሥር ሙሉ ቆርቆሮ ተቀምጦ አገኘሁ ብሎ ደስ እያለው ይዞ መጣ። እስከ ሠልስቱ በቃን።