የመምህር ወልደአማኑኤል ዕብራይስጥ

የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞጁል ፎቶ ኮፒ እያደረግኩ ሳለ ከውጭ አገር ስልክ ተደወለ። ማሚት እባላለሁ አለችኝ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ነርስ ናት፤ እዚያው ብታድግም አማርኛዋ አልጠፋም። ሰላምታ አላበዛችም። አንድ ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ባገኘችው ደብተር ላይ የእኔ ስልክ ቁጥር ተጽፏል።

"ዕብራይስጥ ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

አዎ አልኳት፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ደረቴን ነፍቼ።

ቴል አቪቭ ስምንት ዓመት አረጋውያን ስጦር ኖሬ ነው ወደ አገሬ ተመልሼ ሚዛን ከተማ ይህቺን ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትኩት። መምህር ወልደአማኑኤል ደግሞ አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቤንችኛ ብቻ ይዤ የመጣሁትን ልጅ በአለንጋም በከረሜላም አማርኛ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሃያ ዓመት የቆየ ስእለት ነበረባቸው። ዘንድሮ መንገዱ ሲሳካ ልጃቸው ትዕግሥት ሱቄ ድረስ መጣች። አባዬ ደም ግፊት አለበት፣ በሰው አገር ድንገት ቢያመው የሚናገረውን አስተምሪልኝ ብላ ለመነችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቷ ከአማን ከተማ በባጃጅ እየመጡ ተማሩ። እኔ ቁጡ አስተማሪ ነኝ፤ ከማን ተምሬው! በደብተራቸው ላይ በፊደላችን ጻፍኩላቸው። "አኒ ጻሪኽ ሮፌ"፣ ሐኪም እፈልጋለሁ። "ኤፎ ቤት ሆሊም?"፣ ሆስፒታል የት ነው? "ኮኤቭ ሊ ፖ"፣ እዚህ ጋ ያመኛል። ደብተሩን አገላብጠው አዩና ቅር አላቸው። ሰላምታ የለውም። ሰው እንዴት ነህ ሳይባል፣ ፈጣሪውን ሳያመሰግን፣ እንዴት ዘሎ ሕመሙን ይዘረግፋል አሉኝ። እየሳቅኩ መጀመሪያው ገጽ ላይ ጨመርኩላቸው፦ "ማ ሽሎምኻ?" ብለው እንዴት ነህ ሲሉዎት፣ "ባሩኽ ሀሼም፣ ሀኮል በሴደር" ይበሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው። ያቺን ገጽ እንደ ዳዊት ደገሟት።

ማሚት የሆነውን ነገረችኝ። መምህር ጠዋት ደረታቸውን ሲያማቸው አብረዋቸው የተጓዙትን ምዕመናን ላለማስቸገር እናንተ ሂዱ ብለው፣ ለብቻቸው ታክሲ ይዘው ሆስፒታል ደርሰዋል። መዝጋቢዋ እንዴት ነህ ስትላቸው በጥሩ ዕብራይስጥ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው አሏት። በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ወንበር አሳየቻቸው። ዘበኛው ጠየቃቸው፤ ያንኑ መለሱ። አንዲት ሐኪምም ስታልፍ ጠየቀቻቸው፤ ያንኑ። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በመጨረሻ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ።

ምን እየጠበቁ እንደነበር ገባኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። እኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ ያመሰግናል። ጠያቂው ይቀመጥና፣ "እሱስ ይመስገን፣ ምንህን ነው ያመመህ?" ይላል። እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። እዚያ አገር ግን አንዴ ነው የሚጠየቀው። ስምንት ዓመት ኖሬበት ይህን አውቃለሁ፣ አሳምሬ አውቃለሁ። ሆኖም ልምምዱን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ሳስጀምራቸው አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

"አሁን የምፈልግሽ ለሌላ ነው" አለች ማሚት። ሐኪሞቹ ሕክምናውን የሚወስኑት ሕመሙ መቼ እንደጀመረ አውቀው ነው። እሷ በአማርኛ ብትጠይቃቸውም ደህና ነኝ፣ አሁን ነው ትንሽ የጀመረኝ እያሉ የአባቷን አገር ይጠይቋታል። አንቺ ጠይቂያቸው ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችው።

"መምህር፣ እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።" ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ተናደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ያስጠኑኝ እሳቸው አይደሉም?

"ይመስገን። መቼ ነው የጀመረዎት? እውነቱን ይንገሩኝ።"

የማሽን ጲጵ ጲጵ ብቻ ይሰማኛል።

"አንቺ ዘንድ ስመላለስ ነው" አሉ።

አልገባኝም። ትናንት ማለትዎ ነው፣ ከትናንት ወዲያ፣ እያልኩ ቀባጠርኩ።

"ነግሬሽ ነበር እኮ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በየቀኑ ነግሬሻለሁ። ኮኤቭ ሊ ፖ እያልኩ።" ትንፋሽ አጠራቸው። "በአማርኛ ብልሽ ለትዕግሥት ትነግሪያታለሽ። ስእለቴ ይቀርብኝ ነበር። በእነሱ ቋንቋ ስናገረው ግን ቅልል ይለኝ ነበር። ጎበዝ ትይኝ ነበር።"

ወረቀት የታሸገበት ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፣ ጎበዝ ብያቸዋለሁ። አንድ ቀንማ ግንባራቸው በላብ ወርዝቶ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ኮኤቭ ሊ ፖ ሲሉኝ፣ "ኽ"ዋን ከጉሮሮዎ ያውጧት ብዬ ስለ ሌላ ቃል ተቆጥቻቸዋለሁ። እንዴት ነዎት ብዬ ሳልጠይቃቸው ያለፈ ጠዋት የለም። ይመስገን ሲሉኝ ግን ቀጥታ ወደ ትምህርቱ ነው፤ ተማሪ ይጠብቀኛል፣ ቀለም አልቋል። የፈረንጅ ሥራ ለምጄ እኔም አንዴ ብቻ ጠያቂ ሆኛለሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ማሚት ስልኩን መልሳ ስትይዝ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኗቸዋል አልኳት። ለሐኪሞቹ ስትጮህላቸው ይሰማኛል። አልጋው ሲገፋ፣ በር ሲከፈት፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ለትዕግሥት ደውዬ አባቷ ሆስፒታል መግባታቸውን፣ ካመማቸውም ከሁለት ሳምንት በላይ መሆኑን ነገርኳት። በዝናብ በስብሳ ከአማን መጣች፣ ሁለታችንም ስልኩን መሃላችን አስቀምጠን ጠበቅን። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሚት ደወለች። የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ከፍተውላቸዋል፤ በሕይወት አሉ። ከልባቸው ግን ዘግይቶ ስለተደረሰለት የማይመለስ የሞተ ክፍል አለ፤ ከእንግዲህ ዳገት የሚወጡ ሰው አይሆኑም።

ትዕግሥት አለቀሰች፣ አቅፋ ትከሻዬን ሳመችኝ። አንቺ ባትኖሪ አባዬን አጥቼው ነበር አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"ከሁለት ሳምንት በላይ መሆኑን በምን አወቅሽ? እኛ ቤት አንድ ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም። ለአንቺ ነግሮሽ ነበር እንዴ?"

"አዎ" አልኳት። "በየቀኑ ነግረውኛል።"